ለጎረቤትሽ እግር

ቡሬ፣ ግንቦት 12 ቀን

ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? ቤትሽ፣ ባልሽ ባምላኩ፣ ያች ጥርስ አወጣች ያልሽኝ ልጅሽ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ ጣል ጣል ማለት ጀምሯል፤ ላሚቱ ወልዳለች። እናታችንም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ጤና ናት። እንደ ድሮዋ ሁሉን ሰው ታዛለች፤ ከዚያ በላይ ጤና የት ይገኛል?

ደብዳቤ መጻፌ ገርሞሽ ይሆናል። ባለፈው እሑድ ስትደውይ የስልክሽ ድምፅ ለሦስት ቤት የሚተርፍ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ታንሾካሹኪ ነበር። ስለዚህ ጎረቤታችን ያረጋል አይሱዙው ላይ በቆሎ ጭኖ ወደ ፍኖተ ሰላም ስለሚመጣ፣ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬ ላክሁት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እንግዲህ ስለዚያች ጎረቤትሽ። ቀኝ እግሯ ማታ ማታ ያቃጥላታል አልሽ። ከጣቶቿ በላይ ያለው ቆዳ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ጫማዋ ጠቧታል፣ ባሏ እንዳያይባት ካልሲ አድርጋ ትተኛለች አልሽ። አማቷ ሰምታ ዘራቸው ነው ብላ ከልጇ እንዳታፋታትም ትፈራለች አልሽ። ኧረ ምነው እህቴ! የጎረቤቱን እግር ይህን ያህል አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ደግ ጎረቤት ነሽ። ጎረቤቴ ናት ካልሽኝ ጎረቤትሽ ናት፤ ሌላ አልጠይቅሽም።

ንገሪያት። ዝሆኔ ነው፤ ግን ገና ጀማሪ ነውና ይመለሳል። እኔ ስምንት ዓመት ደብቄው እግሬ ሙቀጫ እስኪያክል ቆይቻለሁ፤ እሷ ስምንት ቀን እንዳትጨምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ማልዳ ጤና ጣቢያ ትሂድ። እኛ ዘንድ ያለችው ሲስተር ፀደንያ ደጋግማ እንደነገረችኝ እርግማንም አይደለም፣ የአፈሩ ነገር ነው። ያ በባዶ እግራችን ስንት ዓመት ስንረግጠው የኖርነው ቀይ አፈር። ጎረቤትሽም የረገጠችው ይመስለኛል።

የሚደረገው ሰው የሚንቀው ዓይነት ነገር ነው። በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በጣቶች መሐል ሳይቀር። ከዚያ ሲስተሯ በምትለካላት ልክ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ እግርን መዘፍዘፍ። በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ዘመድ ሲሞትም፣ እንግዳ ሲመጣም፣ ጤፍ ሲወቃም። አለቀ።

እኔ መታጠቡን እንዴት እንደያዝኩት ግን ነግሬሽ አላውቅም። ዛሬ ልንገርሽ። ደስ አይልሽም፤ ቢሆንም አንብቢው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የደምበጫ አማቶችሽ ሊመጡ፣ ሠርግሽ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፈረስ ቤት ከተማ ያለችው አክስታችን በጠና ታማለች፣ ሄደሽ አስታሚያት ተባልኩ። ሄድኩ። አክስታችን ደጃፏ ላይ ቆማ ገብስ ታሰጣለች! ራስ ምታት እንኳ የለባትም። እሷም አፈረች፣ እኔም አፈርኩ፤ ሁለታችንም ስለ ገብሱ ስናወራ ዋልን። አማቶችሽ እግሬን እንዳያዩ እኔን የማራቁ ሐሳብ የአንቺ እንደነበር እናታችን አልደበቀችኝም። ለሠርግሽ ያሰፋሁት ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ተናደድኩ ብልሽ ያንሳል። ጠላሁሽ። አባታችን ሆይ ስል የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስደርስ አፌ ይያዝ ጀመር። አሥር ወር ሙሉ ሳልቆርብ ቀረሁ።

በኋላ ቢከብደኝ የነፍስ አባቴ አባ ገብረሰንበት ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። ከባድ ቀኖና ይስጡኝ አልኳቸው፤ ሦስት መቶ ስግደትም ቢሆን፣ ሁለት ሱባኤ በጥሬም ቢሆን። እሳቸው ዝቅ ብለው እግሬን አዩና፣ ሲስተሯ እንዳዘዘችሽ ትታጠቢያለሽ ወይ አሉኝ። ሲመቸኝ አልኳቸው። እንግዲያው ቀኖናሽ እሱ ነው አሉ። አርባ ቀን ሳትዘልይ፤ ቀኙን ስታጥቢ ለራስሽ አንድ አባታችን ሆይ፣ ግራውን ስታጥቢ ለእህትሽ። አንድ ቀን ከዘለልሽ ከአንድ ትጀምሪያለሽ አሉኝ።

እውነቴን ነው የምልሽ፣ ተቀየምኳቸው። ሳፋ ፊት መጎለት ደግሞ ቀኖና ነው እንዴ አልኳቸው። ሳቁና የሶርያውን ንዕማንን አነሡብኝ፤ በዮርዳኖስ ታጠብ ቢባል ተቆጥቶ ሊመለስ የነበረውን። ትልቅ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረም ወይ ብለው አሽከሮቹ የመከሩትን። ያን ዕለት ማታ ሳፋዬን አወጣሁ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ጤፍ ስንወቃ ውዬ እንደ ግንድ ተጋድሜ አደርኩ። ከአንድ። በሃያ ስድስተኛው ቀን እንግዶች መጡና ሳፋዬን ላወጣ አፈርኩ። ከአንድ። ሦስተኛውን ጊዜ እናታችን ራሷ ውሃ ለብ እያደረገች ዛሬ ስንተኛሽ ነው ትለኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ለአንቺ የምጸልየው ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ሳሙናውን ብታዪው ታዝኚለት ነበር። አንድ ቀን፣ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ በልጅነትሽ እሾህ ወግቶሽ ከወንዝ አዝዬሽ የመጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። አንገቴን አንቀሽ ይዘሽ አትጣይኝ ስትይኝ። ግራ እግሬን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

አርባው ሲሞላ አባ ቀኖናሽ ተፈጽሟል አሉኝ፤ ቆረብኩ። መታጠቡን ግን አልተውኩም። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፤ የኔም ሙቀጫ ወርዶ ወርዶ እግር ሆኗል። ዘንድሮ ጸሎተ ሐሙስ እግራችን ሲታጠብ ከሰው ኋላ አልተደበቅሁም፤ አባ ፊት ዘረጋሁት።

ስለዚህ ለጎረቤትሽ እንዲህ በያት። ዛሬውኑ ትጀምር። ብትዘልል ከአንድ ትጀምር እንጂ አትተወው። ለባሏም ትንገረው። እንደ ባምላኩ ያለ ሰው ከሆነ ውሃውን ራሱ ያመጣላታል፤ ባለፈው እዚህ መጥቶ እናታችንን እጇን ሲያስታጥባት አይቼዋለሁ።

እኔ የፊታችን ሐሙስ በያረጋል መኪና እመጣለሁ። ነይ አላልሽኝም፤ እመጣለሁ። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይዣለሁ። ሽፍን ጫማም ገዝቻለሁ። የጎረቤትሽን ቁጥር ስላልነገርሽኝ በአንቺ ቁጥር ነው የገዛሁት፣ አንድ ጨምሬ። ያን የሣጥን ቀሚስ ለብሼ ነው የምመጣው፤ ብል አልነካውም። አማትሽ ኖረው ይህች ማን ናት ካሉ፣ እህቴ ናት ማለት ከከበደሽ፣ ለጎረቤቴ የመጣች ናት በያቸው። አሁን አይከፋኝም። የመጣሁ ቀን እግሯን የማጥበው ግን እኔ ነኝ፤ በዚህ አልከራከርም።

የአባቶቻችን አምላክ ትዳርሽን ያጽናልሽ። ልጅሽ ቆማ ስትሄድ ለማየት ያብቃሽ፤ ጫማ ሳታደርጊላት መሬት እንዳታወርጃት። እናታችን ጉንጯን ሳሚልኝ ብላለች።

የጎረቤትሽ እህት