ድብ በስተግራ በኩል

ሐምሌ 12

ሥራ። ትራፊክ። ከሬንተን ሥራ ቦታዬ ቢከን ሂል ቤታችን ለመድረስ አንድ ሰዓት። ምስር እያማሰልኩ ሳለ ይርጉ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ "ቡክ አደረግኩት" አለ።

ምኑን?

"አርክቲክን።"

ሰው አርክቲክን ቡክ ያደርጋል? የኔ ባል ያደርጋል። ሳይጠይቀኝ። ለሃያኛ የጋብቻ ዓመታችን ሰርፕራይዝ ነው አለ። ዝናቡ ገና አሁን ነው ያባራው... ሲያትል ፀሐይ እስክታወጣ ጠብቆ ወደ በረዶ ሊወስደኝ ነው።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጳውሎስ ነው፣ የታኮማው ጓደኛው። አምና አንታርክቲካ ሄዶ መጣና ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ የፔንግዊን ፎቶ አሳየን። ፔንግዊን ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ይርጉ የዚያን ቀን እራቱን አልጨረሰም።

ሐምሌ 19

ለሃሴት ነገርናት። ልጄ ልብሷን እየመረጠች ነው፤ በሚመጣው ወር ስፖኬን ኮሌጅ ልትገባ።

"ማም፣ ዩ ሄት ኮልድ። ብርድ እንደምትጠዪ ዳድ አያውቅም?"

አባትሽ የሚያውቀው የአውሮፕላን ክንፍ ነው አልኳት። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ክንፍ ሲያይ ይውላል። ቤት ሲመጣ ደግሞ ስልኩን።

ሐምሌ 30

ኖም ነን። አላስካ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። ከሲያትል በርረን ደረስን፣ መርከቧ እየጠበቀችን ነበር። ክሩዝ፣ የሽርሽር መርከብ፣ እንዳትሏት ተባልን፤ ኤክስፔዲሽን፣ የአሰሳ መርከብ ናት። ልዩነቱ ምንድነው? ክሩዝ ላይ ሰው ይበላል። ኤክስፔዲሽን ላይ ጫማውን በመድኃኒት አሳጥቦ ይበላል።

ለሁሉም ብርቱካንማ ጃኬት ታደለ። የመንገድ ሠራተኛ መስለናል። ይርጉ እራት ላይም አላወለቀውም።

ሊንዳ የምትባል ተሳፋሪ ፎጣ እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። ጃኬቱን ገና አልለበስኩም ነበር። "እኔም እንግዳ ነኝ" አልኳት። በጣም አዘነች። ከማዘኗ ብዛት እኔው አጽናናኋት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ይርጉ "መንገደኛ አይጾምም" አለ። ከየት አመጣው? አፉ በሳልመን ዓሣ ተሞልቶ ነው የሚያስተምረኝ። እኔ ድንች። አስተናጋጁ "ቪጋን ነዎት?" አለኝ። ለሁለት ሳምንት አልኩት። ግራ ገባው።

ከሰዓት ሌክቸር። በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ጥፋቱም የእኛ ነው አለ ወጣቱ ሳይንቲስት። ሁላችንም በሐዘን ራሳችንን ነቀነቅን። ከእግራችን ሥር ሞተሩ ያጉረመርማል። ከዚያ ኬክ መጣ።

ካፒቴኑም ተናገረ። "እዚህ መርከብ ላይ አንድ ቤተሰብ ነን።" ሊንዳ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ነሐሴ 2

ድብ ታየ ተባለ። ነጭ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ሰው ግን ድንጋዩን ፎቶ አነሳው። ይርጉም። "ዙም ስታደርጊው ይንቀሳቀሳል" አለኝ።

ማታ አልበላም። ሆዱን ያዝ ያደርጋል።

"ምን ሆነሃል?"

"ማዕበሉ ነው።"

ባሕሩ እንደ ትሪ ዝርግ ነው... የምን ማዕበል?

"ሐኪም ጋ እንሂድ።"

"ነገ እኮ ዎልረስ ነው።"

ኦኬ።

ነሐሴ 3

ዎልረስ አየን። ባለ ሁለት ረጅም ጥርስ የባሕር አውሬ ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ዳር ላይ የተከመረ ቡናማ ነገር ነው። ይርጉ ካሜራውን አላነሳም። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

ስንመለስ ካመላለሰችን የጎማ ጀልባ መነሳት አቃተው። ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጡት። በዚያ ብርድ ፊቱ በላብ ተጠምቋል። "ደህና ነኝ" ይላል ጥርሱን ነክሶ። ክፍላችን እንደገባን አስመለሰው። እየጎተትኩ ወደ መርከቧ ሐኪም ወሰድኩት። ሆዱን ተጭና ስትለቀው ጮኸ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከትናንት" አላት። ወደ እኔ አየና "ከትናንት በስቲያ" አለ።

ሳልመኑን ሲበላ ያመው ነበር ማለት ነው? እየሳቀ? ትርፍ አንጀት ነው አለች። እዚህ ኦፕሬሽን አይሠራም። ቢፈነዳስ? አልኳት። "እንዳይፈነዳ ነው መድኃኒት የምሰጠው።" መልስ ነው ይሄ?

ካፒቴኑ መርከቧን ወደ ኖም አዞራት። ሊነጋ ነው... አጠገቡ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 4

ቤተሰባችን ፈረሰ።

"በጤና ችግር ምክንያት ወደ በረዶው ጫፍ አንሄድም" ብለው በስፒከር ተናገሩ። ምግብ ቤቱ ስገባ ወሬው ቆመ። አንዱ ሰውዬ "ሰዎች ጤናቸውን ሳያረጋግጡ ለምን ይመጣሉ?" አለ። ለእኔ አይደለም፣ ለሾርባው ነው የነገረው። ሊንዳ መጥታ እጄን ያዘች። "እንዴት ነው?" አለች። አመሰገንኳት። ቀጥላ "ሄሊኮፕተር እዚህ ድረስ መጥቶ ሊወስደው አይችልም? ለእሱ ብዬ ነው" አለች።

ለእሱ።

ድንቼን ይዤ ወደ ሕክምናው ክፍል ሄድኩ። ይርጉ ጉሉኮስ ተሰክቶለት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አጠገቡ ስቀመጥ ስፒከሩ ጮኸ። ድብ በስተግራ በኩል። ድንጋይ አይደለም፣ እናት ከነልጇ። ኮሪደሩ በኮቴ ተናወጠ። ነርሷ እንኳ "አንድ ደቂቃ ብቻ" ብላ ወጣች። መስኮታችን በስተግራ ነው። ግን የሚታየን የብርቱካንማ ጃኬት ጀርባ ብቻ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

"ሂጂ" አለኝ። "ፎቶ አንሺ። ለጳውሎስ።"

"ጳውሎስ ገደል ይግባ።"

ሳቀ። ሲስቅ አመመው። ከዚያ አለቀሰ። አባቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ መኪና ውስጥ ተደብቆ ነው ያለቀሰው።

"ኖላዊት፣ ሃሴት ከሄደች ምን እናወራለን?"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩለት።

"አስቤዋለሁ። ልጅቷ ስትወጣ ቤቱ ውስጥ ምንም ወሬ አይኖርም። ቢያንስ ድብ አብረን አይተን ብንመጣ... አንድ ነገር ይኖረናል ብዬ ነው።"

እኔ ደግሞ ሁሉንም ለጳውሎስ ሲል ነው ብዬ ስስቅበት ከርሜ... ጃኬቱን ተርኬአለሁ፣ ድንጋዩን ተርኬአለሁ። ይሄን ግን አላየሁትም። አልጋው ጠባብ ነው። ጥግ ላይ ተቀመጥኩና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ነርሷ ፊቷ ቀልቶ ተመለሰች። "ታምር ነበር" አለች። እኛ አልጠየቅናትም።

ነሐሴ 6

አንኮሬጅ። ሆስፒታል። ከኖም በትንሽ አውሮፕላን አመጡን። ከመርከቧ ስንወርድ ከወጣቱ ሳይንቲስት በቀር ማንም አልተሰናበተንም። አውሮፕላኗ ውስጥ ይርጉ ዓይኑን ገልጦ በመስኮት ክንፉን አየና "ያቺ ብሎን ላልታለች" አለኝ። አይሞትም አልኩ በልቤ።

ኦፕሬሽኑ በሰላም አለቀ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይፈነዳ ነበር አለ ዶክተሩ። ወጥቼ ሽንት ቤት በር ዘጋሁ። ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ነሐሴ 14

ቤት ገብተናል። ጥየቃው በዛ። ጭማቂ የምናስቀምጥበት ቦታ የለም። ዛሬ ጳውሎስ ከታኮማ መጣ። እንዴት ነህ፣ እግዜር ይማርህ፣ እና ወዲያው "ሶ፣ ድብ አየህ?"

ይርጉ አንድ ድብ ሦስት አድርጎ ማውራት ይችላል። ስልኩ ውስጥ ያ ድንጋይ አለለት።

"አላየሁም" አለ። "ትርፍ አንጀቴን ሰጥቼ መጣሁ።"

ጳውሎስ ደስ አለው። ያዘነ ለመምሰል ታገለ፣ ፊቱ እምቢ አለው። ሊያጽናናው ስልኩን አወጣ... ፔንግዊን። ይርጉ "ሌላ ቀን፣ ወንድሜ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ነሐሴ 17

ሃሴትን ስፖኬን አደረስናት። ይርጉ ዕቃ ማንሳት ስለማይችል ቆሞ ያዝዝ ነበር። ልጄ አቀፈችኝና "ዩ ጋይስ ዊል ቢ ኦኬ? ደህና ትሆናላችሁ?" አለች። እኔ ነበርኩ መጠየቅ ያለብኝ። ኦኬ ነን አልኳት። እንጃ።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ሬዲዮ አልከፈትንም። ስፖኬንና ሲያትል መሃል ያለው ተራራ ላይ ስንደርስ ተናገረ።

"ምን ደስ ይልሻል?"

"ምኑ?"

"እንዲሁ። ቅዳሜ ስንነሳ። ምን ብናደርግ ደስ ይልሻል?"

አሰብኩ። ምንም አልመጣልኝም። ሃሴትን ደስ የሚላትን አውቃለሁ፣ እሱን ደስ የሚለውን አውቃለሁ፣ አለቃዬን እንኳ። እልህ ያዘኝ፣ በራሴ ነው በእሱ አላውቅም።

"አላውቅም" አልኩት። "ነገ ጠይቀኝ።"

"ኦኬ" አለ። ይረሳዋል አልኩ። ቤት ስንደርስ መኪናውን ፓርክ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። ይርጉ ገብቶ የሃሴትን ክፍል መብራት አጠፋ።

ነሐሴ 18

ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለ ይርጉ መታጠቢያ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሆዱን በእጁ ደግፎ፣ ፀጉሩ ቆሞ።

ጠየቀኝ።