ዪቸን በእንግሊዝኛ የጻፈችው

ዪቻንግ
በስድስተኛው ወር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለዪቸን አባት፣ ለደሹን፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የሥራ ባልደረባህ ሉ ነው። የዕረፍት ፈቃዱን ጨርሶ ሐሙስ እናንተው ዘንድ ወደ ዛምቢያ ይመለሳል፤ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ለመንኩት። አንድ ማሰሮ የሰናፍጭ ቅጠል ጨው አድርጌበት ልኬልሃለሁ። ሁለት ሱሪም አለ። ከስቻለሁ ስላልከኝ ወገባቸውን አጥብቤያቸዋለሁ፤ ካልሆኑህ ስፌቱን ተርትረው፣ ጨርቁን ሳልቆርጥ ውስጥ ትቼዋለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክማ እናውቀዋለን። «በላሽ?» ትለኛለህ፤ «በላሁ» እልሃለሁ። «ዘነበ?» እልሃለሁ፤ «አልዘነበም» ትለኛለህ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንልና መስመሩ ተበላሸ ብለን እናመካኛለን። የምነግርህ ነገር በዚያ መሃል የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ከሥራ ስትወጣ፣ ብቻህን ስትሆን፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ ደህና ነኝ። ከደረጃው ሥር ያለችው የልብስ ጥገና ቦታዬም እንዳለች ናት። ግን ያልነገርኩህ ነገር አለ። እሑድ ጠዋት ስትደውል ስልክ የማላነሳው ገበያ ስለምሄድ አይደለም። እንግሊዝኛ ስለምማር ነው። አትሳቅ። ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።

ከዪቸን ቀብር በኋላ ዘጠኝ ቀን ሰንብተህ ስትሄድ፣ ዕቃዋን ለመነካካት አልደፈርኩም ነበር። ብርዱ ሲገባ ብርድ ልብሷን ላወጣ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ከሥሩ ሦስት ደብተሮች ነበሩ፤ ኒውዚላንድ ለመሄድ ለሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ፈተና የተለማመደችባቸው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእጇ የጻፈችው ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ልጄ ይህን ያህል አውርታ እኔ አንድ ቃል አልሰማሁም። የሚያነብልኝ ሰው መጥራት እችል ነበር። ግን የልጄን ቃል ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዲሰማው አልፈለግኩም።

መምህርት ሁ የምትባለዋን ታስታውሳታለህ፤ ዪቸንን ለፈተናው ስታዘጋጅ የነበረችው ልጅ ናት። ክፍሏ ከፀጉር ቤቱ በላይ ነው። ሄጄ «እንግሊዝኛ አስተምሪኝ» አልኳት።

«ለምንዎ ነው፣ አክስቴ?» አለችኝ።

«ለፈተናው» አልኳት። ዋሸኋት። አየችኝና ሌላ ሳትጠይቀኝ ወንበር ሳበችልኝ።

ፈተናው የዕለት ኑሮ ነው እንጂ ትልቅ ነገር አይደለም። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ታነባለህ። መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ከብልቃጡ ላይ ታነባለህ። ከዚያ በመቶ ሃምሳ ቃል ደብዳቤ ትጽፋለህ፤ ጎረቤትን ለረበሽክበት ይቅርታ ትጠይቃለህ፣ ወይም ለአከራይህ ማሞቂያው ተበላሸ ትላለህ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን መምህርት ሁ አነበበችና «አክስቴ፣ ጉዳዩ ማሞቂያው ነው እኮ፤ አከራዩ ምሳ መብላቱን ሦስት ጊዜ መጠየቅ አያስፈልግም» አለችኝ።

«ካልበላ በምን ጉልበቱ ይጠግነዋል?» አልኳት።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ኮንግ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አብሮን ይማራል፤ እሱማ ጠረጴዛ እየመታ ነው የሳቀው። «እትዬ ዩላን፣ ባልሽን ትተሽ ፈረንጅ ልታገቢ ነው መሰለኝ» አለኝ። «መጀመሪያ ያንተን የተቀደደ ሱሪ ልጥቀምልህና» አልኩት። ዪቸን ከሞተች ወዲህ ሰው ሲስቅ አብሬ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ደረጃውን ስወርድ ግን መሃል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከስድስት ወር በኋላ ደብተሮቹን ጀመርኩ። መዝገበ ቃላት በአንድ እጄ፣ ደብተሩ በሌላው፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩት አና ለምትባል ጓደኛዋ የጻፈችውን ነው። ባሕር አጠገብ ባለው ቤትሽ ስላስተናገድሽኝ አመሰግንሻለሁ፣ የሠራሽልኝ የዓሣ ሾርባ አሁንም ይታወሰኛል ትላለች። ዪቸን መቼ ባሕር አየች? ደነገጥኩ። ልጄ እኔ የማላውቀው ኑሮ ነበራት ብዬ የሆቴል ትምህርት ቤት ጓደኞቿን አንድ በአንድ ዞሬ ጠየቅኩ። አናን የሚያውቅ ጠፋ። በመጨረሻ ደብተሩን ይዤ መምህርት ሁ ዘንድ ሄድኩና ለምን እንደምማር ነገርኳት።

የዪቸንን ጽሕፈት ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አክስቴ፣ አና የለችም» አለችኝ። «ጥያቄው ላይ ለጓደኛህ ጻፍ ይላል፤ ተፈታኙ ስም ይፈጥራል፣ ቤት ይፈጥራል። ሁሉም እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲያው የጻፈችው ሁሉ ውሸት ነዋ?»

«ውሸትስ አይባልም። ልምምድ ነው።»

የሌለ ማሞቂያ፣ ያልጠፋ ሻንጣ፣ ያልተደረገ ግብዣ። ቢሆንም ማንበቤን አልተውኩም፤ የፈጠረችውም የእሷው ነው። ሁለተኛው ደብተር አለቀ። ሦስተኛውን ዘንድሮ ከአዲስ ዓመት በኋላ ጀመርኩ፤ ሊያልቅ ሁለት ገጽ ሲቀረው ከላይ የገለበጠችውን የፈተና ጥያቄ አነበብኩ። «ስለ ገጠመህ የጤና ችግር ለጓደኛህ ጻፍ። ማን እንደረዳህም ንገረው» ይላል። ከሥሩ የጻፈችውን እንደገባኝ አድርጌ አመጣልሃለሁ።

«ውድ አና፣ ራሴን ካመመኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከዓይኔ ጀርባ ይነሣና ወደ ማጅራቴ ይወርዳል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ብነግራት ፈተናውን ታስቀረኛለች። ለአባቴ ግን በጨረቃ በዓል ዕለት ደውዬ ነገርኩት። ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ስልክ የሚሠራለት እዚያ ብቻ ነው። ነገውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ አለኝ። እሺ አልኩት። ለእናቴ እንዳይነግራት አስማልኩት። ሐኪም ቤት ግን አልሄድኩም። ከፈተናው በኋላ እሄዳለሁ።»

ቀኑን ከላይ ጽፋዋለች። ይህን በጻፈች በአሥራ አንደኛው ቀን ነው ወጥ ቤት ውስጥ የወደቀችው። ሐኪሙም በጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቷል አለን።

መምህርት ሁ «ይህም ልምምድ ሊሆን ይችላል፣ አክስቴ» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው። አናን መፍጠር ይቻላል፤ የውኃ ታንከሩን ግን ከየት ትፈጥረዋለች? እኔም ስደውልልህ «ቆይ፣ ታንከሩ ጋ ልድረስ» ትለኝ የለም?

አልዋሽህም፣ ደሹን። ያን ሳምንት አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ያገኘሁትን ዕቃ እወረውርብህ ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። ልጃችን እንደታመመች አንተ እዚያ ሆነህ ስታውቅ፣ እኔ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርኩ አላውቅም። ልጠይቅህ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ «በላሽ?» አልከኝ፣ እኔም ሳልበላ «በላሁ» አልኩህ።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን የቀብሩ ማግስት ትዝ አለኝ። ወንድምህና ሚስቱ ባሉበት ምን እንዳልኩህ አልረሳኸውም። «አንተ ክሬን ላይ ተሰቅለህ የሰው ድልድይ ስትሠራ ልጅህ ሞተች። አባቷ ቤት ቢኖር ኖሮ ሕመሟን ያይላት ነበር» አልኩህ። «ሐኪም ቤት ሂጂ ብያት ነበር» ብትል ኖሮ ያን ጊዜ አፌ ይዘጋ ነበር። አላልክም። ጫማህን አደረግህና ወደ ወንዙ ወረድክ። እኔ ዝምታህን ጥፋተኛ ነኝ እንደ ማለት ወሰድኩት። ምናልባት ለራስህም እንደዚያ ነው የምትለው፤ ለእናቷ ብነግራት ኖሮ እያልክ እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቀዋለሁ። ግን ሌላም ነገር አለበት ብዬ አስባለሁ። ልጃችን ሕመሟን ለአንተ እንጂ ለእኔ እንዳልነገረችኝ እንዳላውቅ ነው ዝም ያልከው። እኔን ለማዳን ነው።

እንግዲህ የእኔን ስማ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በሞተችበት ሳምንት ሁለት ጠዋት አስታውካለች። አይቻታለሁ። ግንባሯን ይዤላታለሁ፣ በላብ ርሶ ነበር። «ፈተናውን ፈርተሽ ነው» አልኳትና ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት። «ባሕር ልትሻገር የምታስብ ልጅ ወረቀት ፈርታ ታስታውካለች?» ብዬም ቀለድኩባት። አፏን ተጉመጠመጠችና ሳቀች። በሁለተኛው ጠዋት፣ ሐኪም ቤት ልውሰዳት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ግን የደንበኛ የሠርግ ቀሚስ ነበረብኝ፤ ጫፉን ለማጠፍ ለዕለቱ ቃል ገብቻለሁ። ወደ ሥራዬ ወረድኩ።

አንተ ላይ የጮኽኩት ይህን እንዳትጠይቀኝ ነው። ቀድሜ ካልጮኽኩ «አንቺስ የት ነበርሽ?» ትለኛለህ ብዬ ነው። አንተ በዝምታ ሸሸግህ፣ እኔ በጩኸት።

በአራተኛው ወር ፈተናውን ተፈተንኩ። መምህርት ሁ ናት የመዘገበችኝ፤ ይህን ሁሉ ለፍተው እንዲሁ ይቀራል እንዴ ብላ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «እናቴ፣ ወላጆች የሚጠብቁት ከውጭ ነው» አለኝ። «ተፈታኟ እኔ ነኝ» አልኩት። ወረቀቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ አሳለፈኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ በዪቸን ዕድሜ ናት፤ እርሳሷን ደጋግማ ትቀርጽ ነበር። «ቁርስ በልተሻል?» አልኳት። አልበላሁም አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ከነበሩት መንደሪኖች አንዱን ሰጠኋት።

የጽሑፉ ጥያቄ «ለረጅም ጊዜ ያልጻፍክለት ጓደኛ አለህ። ለምን እንዳልጻፍክ ንገረውና ቤትህ ጋብዘው» ይላል። ስም ፍጠሩ ተብለን ነበር የተማርነው። እኔ ግን በአንተው የቤተሰብ ስም «ውድ ታን» ብዬ ጀመርኩ። የልጃችን መቃብር ላይ የሚበቅለውን ሣር ብቻዬን መንቀል ደክሞኛል ልል ፈለግኩ፤ መቃብር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝና «ልጃችን የተኛችበት ቦታ» ብዬ አለፍኩት። ሰዓቱ አልቋል ሲሉ ገና እየጻፍኩ ነበር። ንባቡን ወደቅኩ፤ ጽሑፉን ለጥቂት አለፍኩ። አንተ ግን እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ በገዛ ቋንቋችን ልጽፈው ተቀመጥኩ። ይኸኛው ከዚያኛው ይልቅ ከበደኝ፤ አሁን አራተኛ ወረቀቴ ነው።

ከዪቸን ገጽ ላይ ያላመጣሁልህ መጨረሻው ነው። ከላይ ልጽፈው ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲህ ትላለች፦

«አባቴ ለአዲስ ዓመት ይመጣል። ያን ጊዜ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ለሁለቱም እነግራቸዋለሁ። አንድ ላይ ይቆጡኛል። አና፣ ወላጆቼ አንድ ላይ ሲቆጡኝ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ።»

ያነበብኩት ሁሉ ትክክል እንደሆነ መምህርቷን ጠየቅኳት። ትክክል ነው አለችኝ፤ አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም አለችኝ።

ውልህ በአሥራ አንደኛው ወር ያልቃል፤ ላድሰው ነው ብለኸኝ ነበር። አድስ ወይም አታድስ አልልህም። የመጣህ እንደሆነ ግን ምንም አትጠይቀኝም፤ እኔም አልጠይቅህም። ሁለታችንም ተናግረናል።

የምትወጣው መሰላል ይጽናልህ። ነፋሱ ይለዝብልህ። የምትጠጣው ውኃ አይጉዳህ፤ በባዕድ አገር ክፉ አይንካህ።

የዪቸን እናት
ዩላን