ደሜ ዝም ያለበት ሳምንት

እሑድ፣ ኅዳር 2

መሰከርኩ! ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ «ደሜ ንጹሕ ነው፤ ጌታ ፈውሶኛል!» አልኩ። እልልታው የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሊያነሳው ነበር። የመዘምራኑ መሪ እህት ዘነበች አቅፋኝ ስታለቅስ አዲሱን ሻሼን በእንባ አራሰችው።

ከሐምሌ ጀምሮ የጣቶቼ አንጓዎች እያበጡ፣ ጠዋት ጠዋት እየደረቁ አስቸገሩኝ። ሆስፒታል ያለው ሐኪም ለምርመራ ደም ስጪ አለኝ፤ ሰጠሁ። ዓርብ ዕለት የላቦራቶሪው ልጅ «የቁርጥማቱ ምርመራ ኔጋቲቭ ነው፤ ብግነት የሚያሳየውም በልኩ ነው፤ ለሐኪሙ አሳዪው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። እኔ የሰማሁት «ኔጋቲቭ» የሚለውን ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ከትቼው ወደ ቤቴ። እኛ ዘንድ የምስራች መጀመሪያ የሚነገረው ለጉባኤ ነው፤ ሐኪም መቼ ይጠፋል!

እልል ያላሉ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ከካኮ መንደር የጎደሬ ሥር እያመጡ የሚሸጡት እማማ አማረች። ከኋላ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ አቀርቅረው ነበር። ትንሽ ቅር አለኝ። በሰው ደስታ እንዲህ ይኮናል?

አንድ ነገር እዚህ ብቻ ልጻፍ። ማይኩን የያዝኩት በሁለት እጄ ነው። በአንዱ አልችል ብዬ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

እኔ እነቃለሁ፣ እጆቼ አይነቁም። በየጠዋቱ እንዲህ ነው። ዓይኔን ገልጬ ጋደም እላለሁ፤ እጆቼ ብርድ ልብሱ ላይ የሰው እጅ መስለው ተቀምጠዋል። በመስኮቱ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ አሮጌውን የአውሮፕላን ሜዳ ሲሸፍነው ይታየኛል። ሜዳው የለም፣ ላሞቹ የሉም፣ የላሞቹ ድምፅ ብቻ አለ። እንቅልፍ ይሁን ንቃት የማይለይ ሰዓት ነው። ካልታመምኩ ይህን ሰዓት አላውቀውም ነበር፤ ይገርማል፣ እወደዋለሁ።

ከዚያ ሕመሙ ይመጣና ሁሉም ነገር ቦታው ይመለሳል።

ባሌ ማቴዎስ በአይሱዙው ለስላሳ ጭኖ ቱርሚ ሄደ። ከመውጣቱ በፊት ሹራቤን ቆለፈልኝ። ጉድ እኮ ነው! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጂንካ ውስጥ ቁልፍ ያልተከልኩለት ሰው የለም፤ የራሴን የሚቆልፍልኝ ሾፌር ነው። ያውም መሪ ብቻ የለመደ ጣት፣ ቀዳዳውን ሲፈልግ ይመሻል። ስለ ምስክርነቴ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጣቶቼን ይዞ በአፍ መፍቻው በአሪኛ ጸለየ። የልቡን ሲያወራ በአሪኛ ነው። ግማሹን አልሰማሁትም።

ሱቅ ገባሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን ኮንፈረንስ የመዘምራኑን ጋውን እየቆረጥኩ ነው። መቀሱ እምቢ አለኝ። ሰደብኩት። የቀሚሴ ዚፕ ይቀየርልኝ ብላ ሲስተር ምሕረት መጣች፤ ሆስፒታል ነርስ ናት፣ በጉባኤም አብረን ነን። ዚፑ ምንም አልሆነም ነበር።

«ታዱ፣ ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳየሽው?»

«ለጌታ አሳይቼዋለሁ።»

«ጌታማ ሳታሳዪውም ያውቀዋል። እኔ ያየሁት ማይኩን እንዴት እንደያዝሽ ነው። ሰሞኑን እንግዳ ሐኪም መጥታልናለች፤ መገጣጠሚያ በአልትራሳውንድ ታያለች። ነይና ትይሽ።»

ደሜ ፈላ። «ደስታዬን ልትነጥቂኝ ነው የመጣሽው?» አልኳት፤ ቀሚሷንም ወረወርኩላት። ቀሚሱ እንኳን ከእጄ በደንብ አልወጣም፣ እግሬ ስር ወደቀ። አንስታ አጥፋ፣ «እንግዲህ ረቡዕ እዚያው ነኝ» ብላ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ሕልም አየሁ። ነሪ ወንዝ ላይ ቁጭ ብዬ ውሃውን እሰፋለሁ። ውሃው ጨርቅ ሆኖ ከመኪናው መርፌ ስር ያልፋል፣ አያልቅም፣ ክርም አያስፈልገውም። ጣቶቼ የልጅነት ጣቶቼ ነበሩ። ማንም አልጠራኝም፣ የሚጣደፍ ሥራም የለም። ስነቃ የቀለበት ጣቴ አብጦ ቀለበቱን ውጦታል።

ከቀትር በኋላ እህት ዘነበች ወርቃማውን ጥለት ይዛ ከተፍ አለች። የጋውኖቹን አንገት በእጅሽ ነው የምትሰፊው፣ በመኪና አይሆንም አለችኝ። «አንቺ የተፈወስሽ! ደግሞ ኮንፈረንሱ ላይ ትመሰክሪያለሽ፤ ከዲመካም ከቱርሚም ሰው ይመጣል። ተናግሬ ጨርሻለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? ከሄደች በኋላ አንዲት አንገት ጀመርኩ። ጥቂት እንደሰፋሁ መርፌው ወደቀ፤ ላነሳው አልቻልኩም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳየው ቆየሁ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? የኔ ቃል አፋፍ ላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ወርዶ አይመጣልኝም።

ፍርሃቴን በግልጽ ልጻፈው። እጄ ከተበላሸ ሥራዬ አበቃ። ሆስፒታል ከሄድኩ ደግሞ «ተፈወስኩ ያለችው» ብለው ይስቁብኛል። የትኛው እንደሚከፋ ዛሬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ሄድኩ። መርፌው ነው የላከኝ።

አልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ ያለው ሁሉ እርጉዝ ነው። እኔ መሃላቸው ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ። አጠገቤ ያለችው፣ ሆዷ ጉልበቷ ላይ የደረሰ፣ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለችኝ።

እኔ ሐሳቤ ጣቴ ላይ። «ከሐምሌ ጀምሮ ነው።»

ሆዴን አየች፣ እንደገና አየች። «ኧረ አይታይም!» ጣቶቼን አውጥቼ «እርግዝናው እዚህ ነው» ስላት ከት ብላ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፤ እኔም ሳቅኩ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሳቅኩ እንጃ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ቀስ ብላ የምታወራ። አንጓዎቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረገች፤ ጣሪያ ነካሁ። ወረቀቱን አየች። «እትዬ ታደለች፣ ደሙ አልዋሸም። ግን ሁሉን አያውቅም። ይህ የአንጓ ቁርጥማት እያለባቸው ደማቸው ምንም የማያሳይ ሰዎች አሉ። አሁን ውስጡን እንይ።»

ቀዝቃዛ ዝልግልግ ነገር ጣቴ ላይ ቀባች። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ስክሪኑ ላይ የጠዋቱን ጭጋግ አየሁ፣ ያንኑ ግራጫውን። በውስጡ ነጭ መስመር፤ አጥንትዎ ነው አለችኝ። ከላዩ ጥቁር ነገር ተንጣሏል፣ ውሃ የቋጠረ ነው አለች። ከዚያ አንድ ነገር ተጫነችና ጥቁሩ ዳር ቀይ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ፈዝዤ ቀረሁ። በገዛ እጄ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ፣ አመድ የለበሰ ፍም። አምሮ ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ብግነቱ ነው፤ ደም ወደዚያ እየጎረፈ። ዝም ከተባለ አጥንቱን ይበላል። እስካሁን አልበላም። በደግ ጊዜ መጥተዋል።»

አልበላም! አለቀስኩ። ሲስተር ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ የወረወርኩላትን ቀሚስ ለብሳለች፣ ሆን ብላ ነው። አቀፈችኝ።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ለጊዜው የሚያስታግስ ክኒን በየጠዋቱ። ዋናው ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፤ በየቀኑ ከወሰዱት አደገኛ ነው፣ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈልጋል። ጉበቴን በደም ምርመራ ይከታተሉታል። «የማይረሱትን ቀን ይምረጡ» አለችኝ። እሑድ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ማቴዎስ አቧራ ለብሶ ገባ። ሁሉንም ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ። «ሰኞ ጠዋት ምን ብለህ ነበር የጸለይከው?» አልኩት።

«እውነቱን አሳያት፣ እንዳትደነግጥ።»

ታዲያ እያወቅህ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት። «እልል ሲሉልሽ ፊትሽ እንዴት እንደበራ አላየሽም፤ እኔ አይቻለሁ» አለኝ። እራቱን አቀረብኩለት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ለእህት ዘነበች ነገርኳት። ቀይ ሆነች፣ ነጭ ሆነች። «ታዱዬ፣ መድኃኒቱን ደበቅ አድርገሽ ውሰጂ። ማን ያይሻል? ለጉባኤው ነውር ነው፣ ለጌታም ነውር ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አልኳት።

«እኔ በሽታውን ደብቂ አላልኩም፣ ክኒኑን!»

እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስኩ። እሷ ግን ከልቧ ነው። ጥለቱን ሰብስባ ወሰደች። ሱቁ ወና መሰለኝ። ክፋቷ አይደለም፤ ኮንፈረንሱ ላይ አንገቷን ደፍታ ልትቆም ነው፣ በእኔ ምክንያት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ብዙ ገበያተኛ፣ ትንሽ ሥራ። ጠዋት ጣቶቼ ቶሎ የነቁ መሰለኝ። ምናልባት ክኒኑ፣ ምናልባት ምኞቴ። ነገ ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ይሄ ነው ያስቸገረኝ፤ ማንም አይጠይቀኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ዋናውን ክኒን ዋጥኩ፤ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ እግሬ ብቻውን ተነሳ።

«ባለፈው ያሳየኋችሁ ወረቀት እውነት ነው። እኔ ግን ሐኪሙ ሳያነብልኝ ሮጬ መጣሁ። እጄ ታሟል። መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ጌታ እንደፈለገ ይፈውሰኝ፣ በክኒንም ይሁን። እናንተ ጸልዩልኝ።»

እልልታ የለም። አንድ ሕፃን ሳለ። እህት ዘነበች ወለሉን ታያለች። መጋቢው ቆይተው ተነሡና «እንጸልይ» አሉ፤ ተጸለየ፣ አለቀ። ፊቴ እሳት ሆኖ ወጣሁ።

በሩ ላይ ነጠላዬን ያዝ ያደረገኝ ሰው አለ። እማማ አማረች ናቸው። ከነጠላቸው ስር እጃቸውን አወጡ። ጣቶቻቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዘመዋል፣ አንጓዎቹ ጉብ ጉብ ብለዋል።

«ልጄ፣ ያን ቀን አንቺን ሰማሁ። ታደለች ተፈወሰች፣ እኔን ለምን አለፈኝ አልኩ። ኃጢአቴ ምንድነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ።»

ምን ይዋጠኝ! እኔ ስለ መሳቂያነቴ ስጨነቅ እሳቸው እዚያ ጥግ ላይ ኃጢአታቸውን ይፈልጉ ነበር። እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። ሐኪሟ እስከ ረቡዕ አለች፤ ነገ አብረን እንሄዳለን አልኳቸው። የእሳቸው አጥንት ገና ያልተበላ ይሁን፣ ተበልቶ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ዛሬ አውቃለሁ ብዬ አፌን አልከፍትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ጭጋግ። ላሞቹ ድምፅ ብቻ ናቸው። እጆቼን ስጠብቅ፣ ዛሬ ብዙም ሳልጠብቅ መጡ።

ሹራቤን ለበስኩ። ከታች ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ቁልፍ ገባች። ሁለተኛዋ አስለፋችኝ፣ ገባች። ማቴዎስ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። «የላይኛዋን ለእኔ ተዪልኝ» አለ። ተውኩለት።

እሱ ቀዳዳውን ሲፈልግ በትከሻው በኩል ወደ ደጅ አየሁ። እህት ዘነበች ጥለቱን ታቅፋ ትመጣለች፤ ፊቷ ገና እንደኮሶ ነው፣ ግን ትመጣለች። ከእሷ ቀድመው እማማ አማረች አጥሩ ጋ ደርሰው ቆመዋል። ዛሬ እጃቸው ከነጠላው ውጭ ነው።