የምስጋናው ገጽ

ግንቦት 4
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ሶዶ ጭቃ በጭቃ። ዶክተር ደግፌ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን አይተው ጨረሱልኝ። “ምስጋና ብቻ ነው የቀረሽ ማክዳ። የሰው ውለታ አይበላም።” እውነታቸውን ነው። ስንቱን አስቸግሬያለሁ... ከሰዓት ቁጭ ብዬ ሁሉንም በስም አመሰገንኩ። እናቴን፣ የትምህርት ፈቃድ የሰጠኝን ዐቃቤ ሕግ ቢሮዬን፣ ለጥናቱ ገሱባ ስወርድ ቤታቸውን የከፈቱልኝን። ሕግ ሕግ የማይሸት ገጽ እሱ ብቻ ነው።

ግንቦት 8
አስገባሁ። የትብብር ደብዳቤ የጻፈልኝ የገሱባው ወረዳም አንድ ኮፒ ይድረሰን ብሎ ነበር፤ በሚኒባስ ላክሁ። ተገላገልኩ።

ግንቦት 11
አብራኝ የምትማረው ሊድያ ስታነብልኝ ቀና አለች።
“ይቺ ወይዘሮ ቦሼ ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለችው ናት እንዴ?”
“የቷ?”
“ወንድሟ አስፈራርቶ፣ ሽማግሌ ፊት ከአባቴ መሬት ድርሻ የለኝም ብላ እንድትፈርም ያደረጋት። ከገሱባ በስም ያመሰገንሻት ሴት እሷ ብቻ ናት።”
ገጹን ነጠቅኳት። ምዕራፉ ውስጥ “መረጃ ሰጪ ሦስት” ነው ያልኳት። ስሟን የትም አልጻፍኩም... ከምስጋናው በቀር። ስምሽ አይወጣም ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር እኮ። ምን ነካኝ? ወንድሟ ቦልቴ አስተማሪ ነው፣ እንግሊዝኛ ያነባል። የምትኖረው ደግሞ እሱ ግቢ ውስጥ።

ግንቦት 12
ወረዳው ደወልኩ። “ኮፒው? መምህር ቦልቴ ተውሶታል። ስለ አገራችን ነው ብሎ፣ ደስ ብሎት።”
እግዚአብሔር ሆይ።

ግንቦት 14
የቦሼ ስልክ ዝግ ነው። ልሂድ? ግቢው ውስጥ ካየኝ ግን አለቀ፤ ጥርጣሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ግንቦት 15
የማላውቀው ቁጥር።
“እህቴ፣ አነበብኩት። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው።”
ረጋ ያለ ድምፅ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።
“ቦሼ ግን እንዲህ አላለችም። አላልኩም ብላ ለዩኒቨርሲቲው ትፈርማለች። ካልፈረመች... እንግዲህ ቤት ትፈልግ።”
ከፈረመች ያልተባለ ፈጥራ ጻፈች እባላለሁ። ማስተርሱ ቀረ። ማስረጃ የምትፈጥር ዐቃቤ ሕግስ ማን ይፈልጋል? ቦሼ የተናገረችው ተቀድቶ ስልኬ ላይ አለ። ባሰማቸው እኔ እድናለሁ። እሷስ?

ግንቦት 17
ቦሼ በጎረቤቷ ስልክ ደወለች። በሹክሹክታ፣ በወላይትኛ።
“ማክዳዬ፣ ፈርሚ እያለኝ ነው። አንዴ በግድ ፈረምኩ። አሁንም ልፈርም? ሕግ የምታውቂው አንቺ ነሽ።”
ለምን ስሜን ጻፍሽ አላለችኝም። ምናለ በተቆጣችኝ...
አትፈርሚ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለሷ ብዬ አይደለም። ለራሴ ፈርቼ።
“ፈርሚ” አልኳት። “አላልኩም በዪ።”
“አንቺስ?”
“እኔ ምንም አልሆንም።”
ዋሸሁ።

ሰኔ 2
ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። የቦሼ የጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ። ዶክተር ደግፌ ጥግ ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።
“የድምፅ ቅጂ አለሽ?”
ጠዋት አጥፍቼዋለሁ።
“የለኝም።”
“ሴትዮዋ ይህን ነግራሻለች ወይስ አልነገረችሽም?”
ዶክተር ደግፌ ቀና ብለው አዩኝ። ቦሼን ለጥናቱ ካነጋገርኩ ማግስት ቢሯቸው ገብቼ የነገረችኝን ስነግራቸው ሳለቅስ አይተዋል፤ እውነቱን ያውቃሉ። ተናገሪ የሚሉኝ መሰለኝ።
“አልነገረችኝም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።”
ጸሐፊዋ ጻፈችው። ዶክተር ደግፌ ተነስተው ወጡ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ ለቦሼ ጎረቤት ደወልኩ።
“ቦሼ? ወንድሟ ጓሮ ናት፣ እንሰት እየፋቀች። ልጥራት?”
“አይ፣ ተያት” አልኩ።