ሸምበቆውን በገዛ እጃችን ላሳጨዱን ጠበቃ

ለተከበሩ የመሬትና የአካባቢ ሕግ ጠበቃ፣

ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ጉልበትዎ፣ አንደበትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ ደህና ነው ወይ? እኛ የታችኛው መንደር ነዋሪዎች ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ደህና ነን።

ባያስታውሱኝ አልቀየምም። ከእናትዎ ጋር በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤት ነኝ። በልጅነትዎ ከረግረጉ አልወጣም ብለው ሲያስቸግሩ «አንተ እንቁራሪት» እያልኩ ጎትቼ አውጥቼ ጭቃዎን ያጠብኩልዎት እኔ ነኝ። ስለዚህም መንደሩን ወክሎ ማመስገኑ ለእኔ ደረሰኝ።

፩. ረግረጉ ላይ ፎቅ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ ሳንጠራዎት ስለመጡልን እናመሰግናለን። በእናትዎ ሳሎን ተቀምጠው፣ ረግረግ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ማንም እንደማይነካው ሲያስረዱን አፋችንን ከፍተን አዳመጥንዎት። የማን ጠበቃ እንደሆኑ የጠየቀዎት አንድም ሰው አልነበረም። የገዛ ልጅ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?

፪. ስለ ምክርዎም እናመሰግናለን። «ረግረግ መሆኑን የሚያጣሩ የመንግሥት መርማሪዎች ሲመጡ ቦታው ጸድቶ፣ አምሮ ይጠብቃቸው» አሉን። እኛም እንግዳ ፊት እንዳናፍር ብለን ማጭድና አካፋ ይዘን ወጣን፤ ሸምበቆውን ከሥሩ አጨድን፤ የሰዎቹ ጫማ እንዳይበሰብስ ቦይ ቀድደን ውሃውን አፈሰስን። ስንጨርስ እንዴት ደስ ብሎን ነበር! ለካስ ረግረግ በሕግ የሚታወቀው በቆመ ውሃውና በሚያበቅለው ተክል ኖሯል፤ መርማሪዎቹ ሁለቱንም ፈልገው አጡና «ደረቅ መሬት» ብለው ሄዱ። ይህን ሕግ ከመካከላችን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

፫. ክስ መሥርተን ችሎት ስንቀርብ ከሕንፃ ገንቢው ጎን ተቀምጠው ብናይዎት፣ ወንበር የተሳሳቱ መስሎን በእጃችን ጠቀስንዎት። እርስዎ ግን ብድግ ብለው፣ ቦታው ረግረግ ቢሆን ኖሮ ነዋሪዎቹ በገዛ እጃቸው አያጸዱትም ነበር ሲሉ ተከራከሩ። አንጀቴ እያረረም ቢሆን፣ አነጋገርዎ ግን እንዴት ያምራል!

፬. አራተኛውን በምስጋና መልክ ልጽፈው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ያ ረግረግ የዳገቱን ጎርፍ ይጠጣልን ነበር። አሁን በአፈር ተደፍኗል፤ ውሃው የሚመጣው በየበራችን ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ባለቤቴን ተሸክሜ ወዴት ልሂድ? ይህንንም ያውቃሉ፤ ጎርፉ የት ገብቶ እንደሚቀር በልጅነትዎ ቆሜ ያሳየሁዎት እኔ ነኝ። ከድተውናል፣ ጌታዬ። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጫማዎ ዘወትር ደረቅ እንዲሆን የምትመኝልዎ
የእናትዎ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ ያን ቀን ማጭድ ይዘው ከሁላችን ቀድመው የወጡት እናትዎ ነበሩ፤ ወገባቸውን እያመማቸው ሲያጭዱ ዋሉ። እርስዎ በየትኛው ወገን እንደቆሙ እስካሁን ደፍሮ የነገራቸው የለም። ጎርፉ መጀመሪያ የሚገባው እርሳቸው ቤት ስለሆነ፣ አልጋቸውን በድንጋይ ከፍ ልናደርግላቸው ሄደን ነበር። «ልጄ ጠበቃችን ሆኖ ምን ያስፈራችኋል?» ብለው መለሱን።