የሲምባና የሚጣ ሳጥን

ከናይሮቢ ይድረስ ለልጄ ለሳምራዊት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ፣ የአምላክ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ።

የወንድምሽ የትንሣኤ ትንንሽ ውሾች፣ ሲምባና ሚጣ፣ ለጉዞው እየተለማመዱ ነው። የኪሌሌሽዋ ሰፈሩ የእንስሳት ሐኪም የጉዞ ሳጥናቸውን ዘግቼ አንድ ሰዓት እንድተዋቸው አዞኛል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጡ ነበር። የትንሣኤን ሹራብ አንጥፌላቸው ስዘጋው ዝም አሉ። ያኔ ቶሎ ብዬ ከፈትኩት። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ሳቀብኝ፤ «ማማ፣ ዝም ካሉ እኮ ጥሩ ነው፤ ተኝተዋል ማለት ነው» አለኝ።

ትንሣኤንም ባረፈበት ጠዋት ተኝቷል ብዬ ነበር በሩን ቀስ አድርጌ የዘጋሁት።

ሐሙስ እንነሳለን። ፍራንክፈርት እስክንደርስ ስምንት ሰዓት ሙሉ ውሾቹ ከሻንጣ ጋር ከአውሮፕላኑ ታች ናቸው አሉኝ። እመቤቴ በሰላም ታገናኘን። ስንደርስ እኔን ከመሳምሽ በፊት ሳጥኑን አንቺ ክፈቺልኝ።

እናትሽ አያልነሽ