ለእርቅ የተባለ «አጥፍቻለሁ»

ሰኞ፣ መጋቢት 11 ቀን 1998 ዓ.ም.
አምቦ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ፍርድ ቤት ዋልኩ። የወንድሜ ክስ ሲታይ ነበር።

ጎረቤታችን ደረጀ ቢላ መዞ ሲመጣበት ወንድሜ ቶሌራ በዱላ ክንዱን ሰበረው። ራሱን ተከላከለ፣ በቃ! ጠቡን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ታዲያ የዐቃቤ ሕጉ ምስክር ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከክሱ በፊት ከደረጀ ጋር ያስታረቁን ሽማግሌ፣ ኦቦ ደቻሳ! ለቅሶ ቤት ሁሉ ጋቢያቸው ቀድሟቸው ወንበር የሚይዝላቸው ሰውዬ።

«ሲጣሉ አይተዋል?» አላቸው ጠበቃችን።

«አላየሁም። ግን ልጁ እርቅ ላይ ‹አጥፍቻለሁ› ብሏል።»

«እርቅ ላይ እንዲህ የማይል አለ?»

«የለም። ካላለማ ምኑን እናስታርቃለን?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔን ግን አንገሸገሸኝ። ቶሌራን «በል ብቻ ልጄ፣ ለወጉ ነው» ብለው ያስባሉት እኮ ራሳቸው ናቸው! አሁን ያ ቃል ማስረጃ ሆኖበት፣ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ ወደ እስር ቤት ተመለሰ።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ያለ አንዳች ሃፍረት ቤታችን መጡ። የእማዬን ቆሎ እየቆረጠሙ፣ «ክሱን እንዲተው ደረጀን እንለምነዋለን፤ ቶሌራ ብቻ አንዴ በድጋሚ ጥፋቱን ይመን» አሉ።

«የመጀመሪያው ለምስክርነት አልበቃ አለ እንዴ፣ ኦቦ?» አልኳቸው። እማዬ ቆነጠጠችኝ።

ከወጡ በኋላ ግን የተረፈውን ቆሎ እየሰበሰበች፣ «ነገ ስንቁን አንቺ ውሰጂለት። እስቲ ያሉትን ይበል በይው» አለችኝ።

ስንቁንስ እወስዳለሁ። ያንን ግን በየትኛው አፌ...